ኡሙሃኒ የምራቷን መቀነት የፈታች ዕለት

ሮቢት ውስጥ ሲወለድ የኡሙሃኒ እጅ ያልተቀበለው ሰው ካለ ከሌላ አገር የመጣ መሆን አለበት። ጤና ጣቢያው የልምድ አዋላጆችን ሥራ ካስቆመ ወዲህ እንኳ፣ ምጥ የያዛት ሴት ባጃጅ እስኪመጣላት ኡሙሃኒን ማስጠራቷ አልቀረም። ኡሙሃኒም ይህን ታውቃለች፤ ማወቋንም አትደብቅም። ነፍሰ ጡር በደጇ ስታልፍ ካየች ከአረማመዷ ወሩን ትናገራለች። ጎረቤት በጉራዋ ይስቃል እንጂ የሚከራከራት የለም።

ይቺው ሴት ግን የገዛ ልጇን ልጅ ለመታቀፍ አልታደለችም። ልጇ ታሂር ሽንኩርት የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከሚስቱ ከቶይባ ጋር ደሴ ብዙ ዓመት ኖረው፣ ሳይወልዱ ነው ወደ ሮቢት የተመለሱት። ደሴ ሳሉ ቶይባ ሆዷን ታማ ኦፕራሲዮን መሆኗን ኡሙሃኒ ሰምታለች። ምኗ እንደተቆረጠ ግን የነገራት የለም።

ቶይባ አስፋልቱ ዳር ሽንኩርት ትሸጣለች። ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ አማቷ ፊት ልብስ ቀይራ አታውቅም። ውሎ አድሮ ሆዷ ወደ ግራ አድልቶ መግፋት ጀመረ። አልፎ አልፎም ቆቦ ሐኪም ጋ ደርሳ ትመጣለች። ኡሙሃኒ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ወደ ጎን የሚያጋድል ወንድ ነው አለች። ምራቷን ፊት ለፊት ያልጠየቀቻት ዓይን ፈርታ ነው፤ የደበቁት ፅንስ በሰው አፍ አይገባም። ለታሂር ግን በስልክ የምሥራች ስትለው ዝም አለ። ደስታ አፍኖት ነው ብላ ስልኩን ዘጋች።

ደስታዋን ግን በሆዷ መያዝ አልሆነላትም፤ ወዳጃ የሚሉትን የዱዓ ስብሰባ ጠራች። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው በሆድ ላለው ዱዓ አደረጉ፤ ቤቱ ሙሉ አሚን አለ። ቶይባ ጥግ ተቀምጣ አለቀሰች። ሴቶቹም ለደስታ የሚለቀሰውን ለቅሶ አብረዋት አለቀሱ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቶይባ የሽንኩርት ኬሻ ስታነሳ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች፤ ከዚያ መነሳት አልቻለችም። ሴቶች ደግፈው ቤት አስገቧት። ትውከቱም አላቆም አለ። ኡሙሃኒ እየሮጠች መጣች። ጊዜው ገና መሆኑ ከንክኗታል፤ ሽሉ ዞሮ ይሆናል፣ አሽቼ እመልሰዋለሁ ብላ አሰበች። ሰዉን ከቤት አስወጥታ መዳፏን ቅቤ ቀባች። ከዚያ የማይፈታውን መቀነት መፍታት ጀመረች። ቶይባ እጇን ልትይዛት ሞከረች፣ አቅም አጣች።

የመጨረሻው ዙር ሲወርድ ኡሙሃኒ ያየችውን ማመን አቃታት። ከእምብርቷ በስተግራ የላስቲክ ከረጢት ተለጥፏል። ከረጢቱ ውስጥ የሰው አንጀት ጫፍ ከቆዳ ወጥቶ ይታያል፤ ጠቁሯል። ከጎኑ ደግሞ የተወጠረ እብጠት አለ። ወንድ ነው ያለችው ይሄ ነበር።

«እማ፣ አይሹኝ» አለች ቶይባ። «ልጅ አይደለም።»

የኡሙሃኒ እጅ አየር ላይ ቀረ። ደም አይታለች፣ በእጇ ላይ የሞተ ሕፃን አይታለች፤ በሕይወት ያለ ሰው አንጀት ከሆዱ ውጭ ግን አይታ አታውቅም። ቶይባ እያቃሰተች ነገረቻት፦ ደሴ አንጀቷ ተጠማዞ ቆርጠው በዚያ በኩል እንዳወጡላት፣ ሰገራዋ ወደ ከረጢቱ እንደሚወርድ፣ እብጠቱ በኋላ እንደመጣ፣ የቆቦው ሐኪም ቶሎ ይጠገን ብሏት በመቀነት አስራ እንዳቆየችው። ታሂርንም ለእናትህ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ ብላ ለምናው ነበር ዝም ያለው።

«ያን ቀን ሁሉም አሚን ሲል አፌ ተያዘ።»

ኡሙሃኒ ወጥታ ባጃጅ ጠራች። ባጃጁ ቆቦ ድረስ፣ ከዚያም አምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ ታሂርም መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ደረሰ። ቶይባ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች፤ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ጠበቁ። ሐኪሙ ወጥቶ በጊዜ ደርሳለች፣ ተርፋለች አላቸው። አንጀቱ በተከፈተበት ቀዳዳ አጠገብ የሆዷ ጡንቻ ላልቶ፣ ሌላ አንጀት ሾልኮ ወጥቶ እዚያው ታንቆ ነበር። መልሰው አስገብተው፣ የላላውን ጡንቻ በመረብ ጠግነውታል፤ ከረጢቱ ግን እንደነበረ ይቀጥላል።

ኡሙሃኒ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ቢታሽ ኖሮስ?»

«ሊፈነዳ ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ማትረፉ ይከብደን ነበር።»

መዳፏን አየችው። ቅቤው ገና አልለቀቀም። ያን ሁሉ ሕፃን የተቀበለ እጅ የልጇን ሚስት ሊገድል ምን ያህል እንደቀረው ስታስብ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ የሰጧትንም ውኃ መጠጣት አልቻለችም።

ቶይባ ከሆስፒታል ወጥታ ሲመለሱ መንገድ ላይ ታሂር እናቱን ጨነገፈ እንበል አላት። ለእናቱ ክብር አስቦ ነው።

ቤት እንደገቡ ጎረቤቷ ፈሪሀ ሴቶችን አስከትላ፣ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዛ ደረሰች። ገና ከበሩ ምን ተገኘ ብላ ጠየቀች። ቶይባ መደቡ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኡሙሃኒ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ግማሾቹ በእጇ የተወለዱ ናቸው።

«ልጅ አልነበረም» አለች። «ሕመም ነበር። እሷ አልዋሸቻችሁም፤ ነፍሰ ጡር ናት ያልኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ቶይባ ተርፋልኛለች። ገንፎውን ለሷ አገንፉላት።»

ፈሪሀ ዱቄቷን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ ሌሎቹም ተከተሏት። ኡሙሃኒ በሩን ዘጋች፤ እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች፤ መጥታም ምራቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ከረጢቱ እንዴት እንደሚቀየር አሳዪኝ» አለቻት።

ቶይባ ቀሚሷን ራሷ ገለጠችው።