ጉልበት ላይ የቀረ ብናኝ

መቱ ወርቅ ቤት ገብቼ የአሲዱ ሽታ ሲሰነፍጠኝ አክስቴ እትዬ ዘነቡ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሆኜ፣ ባላቸው ጅማ ታመው በተኙ ጊዜ፣ ለሕክምናው የሰርግ ጉትቻቸውን ሊሸጡ ከጎሬ ወደዚሁ ቤት ይዘውኝ ወርደው ነበር።

ወርቅ ሠሪው ጉትቻውን ራሱ ነው የሠራው። ጉልበቱ ላይ ቆዳ አንጥፎ ሞረደው፤ ብናኙ ቆዳው ላይ ረገፈ። አሲድ ጠብ አደረገበትና የገዛ እጁን ሥራ እንደ ቆሻሻ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«እትዬ፣ ይሄ አስራ ስምንት ካራት ነው። ፈርጡ አይመዘንም፣ ብየዳውም ይቀነሳል። የእጅ ዋጋማ መልሶ ሲሸጥ አይታሰብም።»

«ሲሠሩልኝ ሃያ አንድ ነው ብለውኝ ነበር። ጆሮዬ ላይ ነው የወረደው?» አሉ አክስቴ። «በሉ፣ ጉልበትዎ ላይ ያለውንም ብናኝ ይመዝኑልኝ።»

ሳቀ። ቆዳውን መሳቢያው ውስጥ አራገፈና ዘጋው። አክስቴ ብሩን ተቀብለው ደጃፉ ላይ እንትፍ አሉ።

ዛሬ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጁ ነው። አክስቴ ሲሞቱ የተዉልኝን ቀለበት ልሸጥለት ሰጠሁት። እንደ አባቱ ቆዳውን አነጠፈና ሞረደው። እኔ ግን የአክስቴ አፍ የለኝም። ጉልበቱን እያየሁ፣ የሰጠኝን ተቀብዬ አመሰገንኩት።