እሑድ፣ ዙሪክ ላይ የተሰበረ ጥፍር

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ከጄኔቭ እስከ ዙሪክ የመንገዱ ዳር ዛፍ ሁሉ ነጭ አበባ ለብሶ ነበርና ከፋሲካ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም። እሑድ መሆኑን ግን አልረሳም። እሑድ ባይሆን ኖሮ የምጽፈው ነገርም አይኖርም ነበር።

ግራንድ ሳኮኔ፣ ጄኔቭ ዳር፣ ሊነጋጋ ሲል

ጊታሬን አንጠልጥዬ፣ ቀኝ እጄ ላይ የሱፍ ጓንት አጥልቄ ከቤት ወጣሁ። ብርድ የለም። ጓንቱ ለጥፍሬ ነው።

እዚህ ሰፈር የመጣሁት የአንድ ዲፕሎማት ሾፌር ሆኜ ነው። ጡረታ ስወጣ እጄ መሪ ለቅቆ ጊታር ያዘ። ማክሰኞ ማክሰኞ የምንሰበሰብ አሥራ ሁለት ጡረተኞች ነን፤ የምትመራን ማዳም ኤሌን ትባላለች። ለፒያኖ የተሠሩ የድሮ የስፔን ዳንሶችን ወስዳ ለአሥራ ሁለት ጊታር ትከፋፍላቸዋለች። ለአንዱ ዜማውን፣ ለአንዱ አጀቡን፣ ለእኔ ታች ታቹን። ሦስት ዓመት ኋላ ተቀምጬ ዱም፣ ዱም ስል ኖርኩ። ኖታ አላነብም፤ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ ሰምቼ ነው የምይዘው።

ለዙሪኩ ዝግጅት ግን ማዳም ኤሌን፣ «የዝግተኛውን ዳንስ መግቢያ እርስዎ ብቻዎን ይጫወታሉ» አለችኝ። ብቻዬን! አሥራ አንዱ ዝም ብለው እኔን ሊሰሙ! ርዝመቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ግን ክረምቱን በሙሉ ስለማመደው ከረምኩ። ይህ ጨዋታ ደግሞ ያለ ቀኝ እጅ ጥፍር አይሆንም። ክሩ በጥፍር ካልተነካ ዜማው አይጠራም። ስለዚህ አሳደግኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩት፣ እንደ ሙሽራ ተንከባከብኩት።

ባቡር ውስጥ

ጓደኞቼ በቀትሩ ባቡር ነው የሚመጡት። እኔ ቀድሜ የሄድኩት የሟች ባለቤቴ ታናሽ እህት አስካለ ዙሪክ ስለምትኖር፣ ቁርስ እኔ ዘንድ ካልበሉ ብላ ስለያዘችኝ ነው። ዙሪክ ዳር፣ ኦፕፊኮን በሚባል ቦታ አንድ ሆቴል ውስጥ የመጋረጃና የአንሶላ ስፌት ትሠራለች።

ሎዛን ሳንደርስ ደወለች።

«ጋሼ፣ ያን ጥፍር ቆረጡት?»

«አልቆረጥኩም።»

«እንግዲያው ሹካ አዘጋጃለሁ።»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጥፍሬን ካሳደግኩ ጀምሮ ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ በልቼ አላውቅም። ለእንጀራ ሹካ ታቀርብልኛለች! «በዚያ የነብር ጥፍር ወጤን አያስነኩም» ትላለች። ሽማግሌ ሰው፣ በሹካ እንጀራ እያሳደድኩ እበላለሁ።

ሐይቁ ቀርቶ ኮረብታ መጣ። በሚገፋ ጋሪ ሻይ የሚያዞረው ሰውዬ ለአንድ ኩባያ የጠራውን ዋጋ ስሰማ ጥሜ ራሱ ለቀቀኝ። ከበርን ወዲያ ማስታወቂያው ሁሉ ጀርመንኛ ሆነ። ስንት ዓመት በፈረንሳይኛ እንደ ሰው ስኖር ኖሬ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል በባቡር ስሄድ መሃይም እሆናለሁ። ይሄም ያናድደኛል።

ዙሪክ ጣቢያ፣ ረፋድ

ቆማ ትጠብቀኛለች። ከነጓንት ሰላም ማለት ነውር ነውና ጓንቴን አወለቅኩ። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። ተሳሳምን፤ ጉንጬን ሳትለቅ በሌላ እጇ የጊታሩን እጀታ ያዘች።

«ልያዝልዎ።»

«ኧረ ተይ፣ ቀላል ነው።»

«እኔ ቆሜ እርስዎ ሊሸከሙ?»

«በማርያም ተይ!»

«በማርያም ይልቀቁ!»

እሷ ሳበች፣ እኔ ሳብኩ። ፈረንጆቹ በግራ በቀኝ ዞረውን ያልፋሉ። ቀጭ አለ።

«ምን ሆኑ?»

«ጥፍሬ!» የሌባ ጣቴ ጥፍር ከሥሩ ሄዷል።

«እሰይ! አንዱን ተገላገልን። የቀሩትስ?»

ከዚያ ፊቴን አየችና ቀልዷን ተወች። ጊታሩንም አስረከብኳት፤ ከእንግዲህ ለምን እታገላለሁ?

ለማዳም ኤሌን ደወልኩላት። «አይጨነቁ፤ የፒንግ ፖንግ ኳስ ይፈልጉ» አለች። «በጥፍሩ ልክ ቆርጠው ሱፐር ግሉ በሚባለው ማጣበቂያ ይለጥፉት። ጊታር ተጫዋች ሁሉ የሚያደርገው ነው። እስከ አሥር ሰዓት ካልሆነልዎ ግን መግቢያውን ለጥርስ ሐኪሙ እሰጠዋለሁ።»

የጥርስ ሐኪሙ የፊት ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ጡረተኛ ነው። መግቢያው ለእኔ ከተሰጠኝ ጀምሮ ጤንነቴን አዘውትሮ ይጠይቀኛል።

የተዘጋ ከተማ

ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሱቆች ክፍት ናቸው። ሱፐር ግሉ አገኘን። ቸኮሌት ስንት ዓይነት! ሰዓት ስንት ዓይነት! ኳስ የለም። ውጭ ወጣን፤ እሑድ ነው፤ ከተማው ቆልፎ ተኝቷል። አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር መስኮት ላይ ኳሶቹ በሣጥን ተደርድረው፣ ነጭ ነጭ ሆነው፣ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። መሃላችን መስታወት። ግንባሬን አስደግፌ አየኋቸው።

«መስታወቱን እንዳይሰብሩት ብቻ» አለችኝ የሚስቴ እህት።

በትራም ላንግሽትራሰ ወደሚገኘው ቤቷ አቀናን። ወርደን መናፈሻውን ስናቋርጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከሲሚንቶ በተሠራ ጠረጴዛ ላይ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ጎልማሶች ፒንግ ፖንግ ይጫወታሉ።

«ጠይቂልኝ!»

ሄደች፣ በጀርመንኛ አወራች፣ ተመለሰች። «ያለን ይሄ ብቻ ነው፤ ጨዋታችንን እንጨርስ አሉ።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሰውዬው ይሸነፍና ይድገም ይላል። ሴትዮዋ ታሸንፍና እሺ ትላለች። ጸሐይዋ ዞረች። ሰባት ሰዓት አለፈ። ቁርስ አልበላሁም።

«አንቺ፣ ለምን እንደፈለግነው ነግረሻቸዋል?»

አቀረቀረች። «እንዴት ብዬ? ሽማግሌ ሰው ጥፍር ሊያስተክል ነው ልበል? እኔ እንደሆንኩ አፈርኩ።»

«እቴ፣ ይሉኝታሽ ገደለኝ!»

ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ሄዳ እጄን በርቀት እያሳየች ተናገረች። ሰውዬው መጫወቻውን አስቀምጦ ሳቀ። ቦርሳውን ከፈተና የተሰነጠቀ ኳስ አውጥቶ ሰጣት። ሊጥለው የያዘው ነው። ሰዓት ሙሉ ያስቀመጠን የተሰነጠቀ ኳስ እግሩ ሥር ነበር! የምስቀውም የማለቅሰውም ጠፋኝ።

የሚስቴ እህት ወጥ ቤት

የስፌት መቀሷን አወጣች። መነጽሯን አጠለቀች። እጄን ይዛ መስኮቱ ዘንድ ወሰደችኝና ያን የተረገመ ጣቴን ከጎረቤቱ ጥፍር ጋር እያስተያየች ለካችው። ስትቆርጥ ትንፋሿን ትይዛለች። የመጀመሪያው ሰፋ፣ ሁለተኛው ተጣመመ። ሦስተኛው ልክ ገባ። አጣብቃ፣ እፍ ብላ፣ በብርጭቆ ወረቀቴ ሞረደችው።

«እንግዲህ በእኔ እጅ ጥፍር አሳደግኩልዎ» አለች። «እኅቴ ብታየኝ ምን ትለኝ!»

አዳራሹ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

የጥርስ ሐኪሙ እጄን ጨብጦ ጣቶቼን ቆጠረ። ጤንነቴን ጠየቀኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

ፈጣኑ ዳንስ አለፈ፤ አሥራ ሁለት ጊታር እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ። ከዚያ ሁሉም እጁን ከክሩ ላይ አነሣ፤ ማዳም ኤሌን ወደ እኔ ዞረች። ዝግተኛው ዳንስ እንደ ትልቅ ሴት አካሄድ ነው፤ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ዞሮ ያያል። የመጀመሪያውን ክር ስነካ ኳሱ ከገዛ ጥፍሬ የበለጠ ጠራ። ጣቶቼ እየተቀባበሉ ሄዱ። አንድ ሰው መሃል ላይ አሳለ፤ እግዜር ይይለት። ጨረስኩ፤ አሥራ አንዱ ተከትለውኝ ቀስ ብለው ገቡ።

ሲያልቅ የሚስቴ እህት ሰው እየገፋች መጣች።

«አለ? አልወለቀም?»

«አለ። ጨዋታው እንዴት ነበር?»

«ጥፍሩን ስጠብቅ ዜማውን የት ሰማሁት!»

ከመመለሴ በፊት

ባቡሬ እስኪደርስ ቤቷ ገባን። ቁርስ የተባለው እራት ሆኖ ቀረበ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩና እንደ ልማዴ ሹካዬን ፈለግኩ። የለም።

«ሹካዬስ?»

«ያን የላስቲክ ጥፍር ወጥ አያስነኩትም፤ ይለቅብዎታል። እጅዎን ሰብስበው ይቀመጡ።»

ጠቅልላ አጎረሰችኝ። የመጀመሪያውን ሳልውጥ ሌላ ጠቀለለች።

«አንድ ያጣላል፤ ይድገሙ።»

ደገምኩ፤ ሠለስኩም። ከዚያ ከዚያው ትሪ ራሷ ጎረሰች። ጄኔቭ እስክገባ ጥፍሩን በጓንት ይዤው ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እሑድ ዕለት ዙሪክ ላይ ጥፍርህ ቢሰበር በየሱቁ ደጃፍ አትንከራተት። አስካለን ፈልግ።