በኅዳር ሚካኤል የተቃጠለው ሞተር

ወሬው ሲደርሰኝ የአምፔር መለኪያውን እያነበብኩ ነበር። አሁን የምሠራው ከቆቦ የሁለት ቀን መንገድ በሚርቅ፣ ዝናቡ በማያቋርጥ በአንድ የምዕራብ ከተማ የውሃ ጣቢያ ነው። ሁለተኛውን ፓምፕ አስነስቼ ንባቡን መዝገብ ላይ ልጽፍ ስል ስልኬ ጮኸ። ታናሽ እህቴ ብርቄ ናት። ብርቄ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«እትዬ፣ ቁጭ ብለሻል?»

«ቆሜያለሁ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ! አንቺ ደግሞ ስልክ ሁሉ መርዶ ይመስልሻል። ጋሽ ሞላ ተናገረ።»

«ምን ብሎ?»

«ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ብሎ። ዛሬ የሰኔ ሚካኤል አይደል፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሊበተን ሲል ደጁ ላይ አስቆመን። ‹ዝናሽ የለችበትም፤ በሐሰት አስባርሬያታለሁ› አለና መሬት ላይ ተደፋ። እትዬ? ትሰሚኛለሽ?»

እየሰማኋት ነበር። ደስ ሊለኝ በተገባ። እኔ ግን የሁለተኛውን ፓምፕ ንባብ በአንደኛው ረድፍ ጻፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሰርዤ አስተካከልኩት።

ይህን የምጽፈው በዚህ ሙያ ከእኔ በኋላ ለመጣችሁ ነው። አገሬ ላላችሁትም ነው።

ሥራ የጀመርኩት በቆቦና በሮቢት መካከል፣ ቁጥር አራት እንለው በነበረ የመስኖ ጉድጓድ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሙያ ወረቀቴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በባጃጅ ደረስኩ። ዋናው ኦፕሬተር ጋሽ ሞላ ወረቀቱን አላየውም። እጄን ይዞ ከጉድጓዱ የሚወጣው ቱቦ ላይ አስቀመጠው።

«ምን ይሰማሻል?»

«ይነዝራል።»

«ይሄን ንዝረት ልመጂው። ፓምፑ መሬት ውስጥ ነው ያለ፤ ወርደሽ አታዪው። የምታውቂው በመዳፍሽ፣ በጆሮሽና በዚህች ቀስት ነው» አለና የአምፔር መለኪያውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ቦርዱን ከፈተ። ሦስት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ለሦስቱ ፌዝ፣ ለሦስቱ የኃይል መስመሮች ማለት ነው፣ አንዳንድ። «ሦስቱ ካልበሩ እጅሽ ማስነሻው ላይ አይደርስም። እንደ ሥላሴ ነው፤ አንዱ ጎደለ ማለት የለም።»

«ጋሽ ሞላ፣ ሥላሴን በሞተር አትመስል» አልኩት። የመጀመሪያ ቀኔ ነው እኮ። ሳቀብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «እማሆይ» ሆነ።

ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ቫልቩን ሩብ ያህል ብቻ ከፍቶ ማስነሳት፣ ቀስቷ ስትረጋ ቀስ እያሉ መክፈት፣ የቦርዱ መከላከያ ሞተሩን ካቆመው ምክንያቱን ሳያገኙ መልሶ አለማስነሳት። ዛሬም ለአዳዲሶቹ የማስተምረው የእሱን ቃል ነው። ግን ይጠጣ ነበር። መጀመሪያ በገበያ ቀን፣ በኋላ ቀን ሳይለይ።

ውሃው በተራ ይከፈላል። ክርስቲያኖቹ በወር በዓላት፣ በሚካኤልም በማርያምም፣ መሬት አይነኩምና የዚያ ቀን ተራ ለሙስሊሞቹ ይሰጣል። አርብ እነሱ ለጁምዓ ሲሄዱ ደግሞ ወደ ክርስቲያኖቹ ይዞራል። ይህን ማንም በወረቀት አልጻፈው፤ ተጣልተውበትም አያውቁም። የሙስሊሞቹን ተራ የሚመሩት አባ ይመር ነበሩ። ቀይ ሽንኩርት ነበር የሚያለሙት። ቦዩ ዳር ዱላቸውን ተደግፈው «የእናንተ ታቦት ባይበዛ የእኔ ሽንኩርት ምን ይውጠው ነበር! አላህ ይጨምርላችሁ» ይላሉ። ክርስቲያኖቹም አብረው ይስቃሉ።

እኔ ግን በዓልም ቢሆን ሞተሩ ላይ ነኝ። ይህ ያሳስበኝ ነበር። አንድ ዓመት ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸውና ቀኖና ሰጡኝ። ጾሙንም ስግደቱንም ፈጸምኩ። «እንግዲህ ለኅዳር ሚካኤል ቁረቢ» አሉኝ። ጋሽ ሞላ የጠዋቱን ፈረቃ ሊይዝልኝ ቃል ገባ።

የኅዳር አሥራ ሁለት ጎህ ሲቀድ፣ እህል ውሃ ሳልቀምስ፣ ነጭ ለብሼ ጉድጓዱ ጋ ጠበቅኩት። ቅዳሴው ሊጀመር ነው፤ የቄሱ ድምፅ በማጉያው እስከ ማሳው ይሰማል። ጋሽ ሞላ መጣ። ሲመጣ ቦዩን ሊሻገር እግሩ ሳተ። አጠገቤ ሲደርስ አረቄው ሸተተኝ። የትናንት አይደለም፣ የዚያው ጠዋት ነው።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጠጥቶ እንደነበር አውቄያለሁ። ሞተሩን ማስነሳት እንደማይገባው አውቄያለሁ። «ዛሬ ይቅር፣ እኔው እቆያለሁ» ማለት እችል ነበር። ግን ያን ያህል ጾሜ፣ ያን ያህል ሰግጄ፣ በአንድ ሰካራም ምክንያት ቁርባኔ ሊቀር? ቁልፉን አስረከብኩት። «ተጠንቀቅ እሺ» አልኩት።

«ሂጂ እማሆይ፣ ለእኔም ጸልዪልኝ» አለኝ።

ቆረብኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስመለስ ቱቦው ዝም ብሏል። ሰው ተሰብስቧል፤ ቦርዱ የቀለጠ ፕላስቲክ ይሸታል። በኋላ እንደገባኝ አንድ ፌዝ ጠፍቶ መከላከያው ሞተሩን አቁሞታል። ጋሽ ሞላ መብራቶቹን ሳያይ መከላከያውን በሽቦ አገናኝቶ እንደገና አስነስቶታል። ሞተሩ በሁለት ፌዝ እያጓራ መሬት ውስጥ ተቃጠለ። ሽቦዋን ግን ሰው ሳይደርስ ነቅሏታል።

«ምን ሆነ?» አሉ አባ ይመር።

«እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? ጠዋት አስነስታው ጥላው ሄደች። እኔ ስደርስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ» አለ ጋሽ ሞላ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የቆረበ ሰው አፉን በነጠላ ይሸፍናል። አይተፋም፣ አይጨቃጨቅም። እኔም አፌን እንደሸፈንኩ ቆምኩ።

«ልጄ፣ እውነት ነው?» አሉኝ አባ ይመር።

ነጠላዬን አጥብቄ ያዝኩ።

«ወላሂ ዝምታ መልስ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

አባ ይመር ግን «ተዋት፣ ደንግጣ ነው» አሉት።

በሦስተኛው ቀን የውሃ ተጠቃሚዎቹ ኮሚቴ ጠራኝ። ቁልፉን ለጋሽ ሞላ አስረክቤ እንደሄድኩ ተናገርኩ። እሱ አላስረከበችኝም አለ። ምስክር የለም።

ሰብሳቢው፣ «ታዲያ የዚያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ።

«ቆርቤ ነበር።»

«ቁርባን እውነት መናገር ይከለክላል?»

ጠጥቶ ነበር ብል ያዋጣኝ ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋልና ያምኑኝ ነበር። ግን «ታዲያ እያወቅሽ ለምን አስረከብሽው?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ የመጠጡን ነገር አልነካሁትም። ከሥራ አሰናበቱኝ።

ሞተሩ ተቀይሮ ውሃ እስኪመለስ ሽንኩርቱ ደረቀ። አባ ይመር በዚያ በጋ ሁለቱንም በሬዎቻቸውን ሸጡ። ወደ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ስወጣ መንገድ ዳር አየኋቸው። እጃቸውን አነሱልኝ። እኔ ወደ ሌላው መስኮት ዞርኩ።

ከወልድያ ወደዚህ መጣሁ። ከጉልበት ሠራተኛነት ጀምሬ ረዳት፣ ከዚያ ኦፕሬተር፣ አሁን የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ጾሜን አላጎደልኩም። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ስለ በደለኝ ሰው እጸልያለሁ፤ ሞላ ብዬ ስሙን ጠርቼ። እንዲህ ስጸልይ ልቤ ይሞቀኝ ነበር። ፍቅር መስሎኝ ኖሯል።

ብርቄ በደወለች በሦስተኛው ቀን ራሱ ጋሽ ሞላ ደወለ። ድምፁ አርጅቷል።

«እማሆይ» አለ። ከዚያ «ዝናሽ» አለ። «ይቅር በይኝ ለማለት ነው። ባትዪኝም ልክ ነሽ።»

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ስንት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝ። «መጠጡን ተውከው ወይ?» አልኩት።

«እኔማ አልተውኩትም፤ ተወሰደልኝ ልበልሽ። ሚስቴ ናት አስይዛ ጠበል ያስገባችኝ። እየተሳደብኩ ነው የገባሁት፤ ልዳን አላልኩም፣ አልጸለይኩም። አንድ ጠዋት ተጠምቄ ስወጣ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ አላውቅም። መጠጡ አላማረኝም። አንቺ ግን ትዝ አልሽኝ፤ አፍሽን ሸፍነሽ እንደቆምሽ።»

ያኔ ራሴን መያዝ አልቻልኩም። «ጋሽ ሞላ፣ ያን ጠዋት ጠጥተህ እንደነበር አውቄ ነበር። አውቄ ነው ያስረከብኩህ።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን ታውቃለህ?»

«ስጠጋሽ በነጠላሽ አፍንጫሽን ያዝሽ። አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ሚካኤል ደጅ ለምን አልተናገርከውም? የለችበትም አልክ!»

«እኔን የራሴን እንድናዘዝ ነው እንጂ ያንቺን እንድናዘዝ ማን ላከኝ?» አለ። እንደ ድሮው ሊስቅ ሞከረና ሳል ያዘው።

ይቅር ብዬሃለሁ እንዳላልኩት ያስታወስኩት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ማን ማንን ይቅር እንደሚል ጠፍቶብኛል። እሱ በአደባባይ ራሱን አዋርዶ እኔን አነጣኝ። እኔ ደግሞ ንጹሕ አይደለሁም። ስንት ዓመት እየጾምኩ የጠበቅኩት ነገር ለእሱ እየተሳደበ ሳለ መጣለት። ተቆጣሁ ልበል? አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ከዚያ ደግሞ በመቆጣቴ አፈርኩ።

ወደዚህ አገር የንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

«አባ፣ ምን አድርጎ ነው ይህን ያህል ጸጋ ያገኘ? ቀኖና እንኳ አልፈጸመም።»

«ምንም አላደረገም።»

«ስላለቀሰ ነው?»

«ስላለቀሰ ምሕረት አላገኘም ልጄ። ምሕረት ስላገኘ ነው ያለቀሰው።» ቀጥለው «ገባሽ?» አሉኝ።

«አልገባኝም።»

«እኔም ሁሉ ነገር አይገባኝም» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። የሰጡኝ ቀኖና ጾም አልነበረም። «የሸፈንሽውን ግለጪ» ብቻ አሉኝ።

ብርቄን ደግሜ ጠየቅኳት። አባ ይመርም እዚያ ነበሩ፤ ጋሽ ሞላ ሽማግሌ ልኮ አስጠርቷቸው ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ሰምተዋል። ሲጨርስ «እኔ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፤ አላህም አውፍ ይበልህ። ሽንኩርቱን ግን እሱም አይመልሰው» አሉ፣ ሰውም እያለቀሰ ሳቀ አለችኝ። ጋሽ ሞላ አሁን በየሳምንቱ የእሳቸውን ቦይ ይጠርጋል። «ተው ሽማግሌ፣ ወገብህ ይሰበራል» ቢሉትም አልሰማ ብሏል። አባ ይመር ደግሞ «ያቺን ልጅ በደልናት» ብለው እኔን ይቅርታ ሊጠይቁኝ ስልኬን ይፈልጋሉ አለች። ብርቄን «አትስጪያቸው» አልኳት። እንዴት አድርጌ ነው ከእሳቸው ይቅርታ የምቀበለው?

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። መሥራት የማይችልን ሰው እያያችሁ ፈረቃ ካስረከባችሁ፣ የሚበላሸው ሁሉ የእናንተም ነው። የሄዳችሁበት ጉዳይ ቅዱስ ቢሆንም ያው ነው። ስለ ጸጋው የማውቀው ከዚህ ያነሰ ነው። ሞላን ሲለውጠው አየሁ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ደግሞ እውነቱን እንድናገር አስገደደኝ። ከዚህ በላይ አልገባኝም።

በሰኔ ሚካኤል ደጁ ላይ ቆማችሁ የሰማችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አባ ይመር ፊደል አልቆጠሩም። ከመካከላችሁ ድምፁ የሚሰማ አንድ ሰው ቦዩ ዳር ሄዶ ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብብላቸው። አውቄ እንዳስረከብኩት የጻፍኩበት ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ አዝናችሁልኝ እንዳትዘሉት። ሲሰሙት ምን እንዳሉ አንድም ሳታሳምሩ ላኩልኝ። እየጠበቅኩ ነው።