እንቅልፍ የሚያስከለክል መስመር

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ልጄን በሌሊት ነው የምቀሰቅሳት!»

ዛሬ ሰቆጣ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት እንዲህ ብለው ተነሱ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን የሒሳብ መምህሩን ላብ አጠመቀኝ።

የተማሪዎቼን የእንቅልፍ ሰዓትና ውጤት በሊኒየር ሪግረሽን፣ ማለትም የሁለት ነገሮችን ዝምድና በአንድ ቀጥተኛ መስመር በሚያሳይ ስሌት፣ ሠርቼ አሳይቻቸው ነበር። መስመሩ ቁልቁል ወረደ፤ ብዙ የተኛ ትንሽ ያመጣል ማለት ነው።

«እንዲያ አይደለም አባቴ! መስመሩን ቁልቁል የጎተቱት ለኪዳን ጸሎት በሌሊት የሚነሱት ዲያቆናት ተማሪዎቼ ናቸው። ጎበዝ ያደረጋቸው የአብነት ትምህርቱ እንጂ እንቅልፍ ማጣቱ አይመስለኝም» ብል ማን ይስማኝ! (ማይክራፎኑንም ተቀብለውኛል።)

ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። ስንቱ ያንቀላፋብኝ ይሆን?

ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ ለልጃችን አላርም ሞልታ ጠበቀችኝ፤ ለሌሊቱ አሥር ሰዓት።

እናንተስ፣ የተናገራችሁት ነገር ተጣሞ ቀድሟችሁ ቤት ገብቶ ያውቃል?