ስልሳ ሁለት ሜትር በፋርማሲው መታጠፊያ

ሰፈሩ ሁሉ «ቦቴ» ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የናፍጣ ቦቴ ሲነዳ ኖሮ መኪናው ስሙን ወሰደበት። ሸሚዙ ቢታጠብ ቢታጠብ ሽታው አይለቅም፤ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ «አንተ ስትመጣ ክብሪት መጫር ያስፈራል» እያለች ትቀልድበት ነበር።

አምና መሥሪያ ቤቱ ግማሹን ቦቴ ሸጦ የነፋስ ተርባይን ክንፍ ማጓጓዝ ጀመረ። እሱም በሃምሳ አንድ ዓመቱ ደብተር ይዞ ሥልጠና ገባ።

«አሁንማ አየር ባየር ጀምሬአለሁ በለኛ!» አለች እህቱ፣ ሳቋ እያፈናት።

«ሳቂ እታለም፤ ዓለም እንደሆነ ወደዚያው እየነጎደ ነው።»

እውነቱን ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከሚተከለው አዲስ የኃይል ማመንጫ አብዛኛው የፀሐይና የነፋስ መሆኑን ሥልጠናውን የምትሰጠው መሐንዲስ ስታስተምር፣ ደብተሩ ላይ ሁለቴ አስምሮበታል። «ማመንጨቱ ብቻ ግን አይበቃም» ብላለች፤ «መስመር መዘርጋት አለ፣ ማጠራቀም አለ፣ ዕቃውን ቦታው ማድረስ አለ።» ማድረስ ስትል ቦቴ ደረቱን ነፋ። ይቺ የኔ ናት አለ በልቡ።

የመጀመሪያውን ክንፍ ጭኖ ከተማዋ የገባው ረፋድ ላይ ነው። ስልሳ ሁለት ሜትር! ጋቢናው ገበያውን ሲያልፍ የክንፉ ጫፍ ገና ድልድዩ ላይ ነበር። ከኋላ በእግሯ እየተከተለች የተሳቢውን ጎማዎች በሪሞት የምታዞረው አንዲት የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ቦቴ «ጭራ» ብሎ ስም አውጥቶላታል።

ፋርማሲው መታጠፊያ ላይ ሬዲዮው በጭራ ድምፅ ጮኸ።

«ቦቴ ቁም! ቁም አልኩህ! አይወጣም!»

ወርዶ አየ። መንገዱ በተለካ ጊዜ ያልነበረ የብረት አጥር ጥጉ ላይ ተተክሏል። አጅባቸው የመጣችው መሐንዲስ ፊቷ አመድ መሰለ። ከኋላ መኪናው ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ ሰዉ ከየሱቁ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል።

ቦቴ ጥጉን ሁለቴ በእግሩ ለካው። ወዲያው ዓይኑ በራ።

«በፊቱ አይገባም። በኋላው ግን ይገባል።»

«ወደ ኋላ? እስከ የት?» አለች መሐንዲሷ።

«በምንታጠፍበት መንገድ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሜዳ። ሦስት መቶ ሜትር ናት። እዚያ እናዞረዋለን።»

ጭራ ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ፊት ልሆን ነዋ! በል ግባ።»

መታጠፊያውን በቀጥታ አልፎ ማርሹን ወደ ኋላ ጣለ። እህቱ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሱቋ እየሮጠች ወጥታ፣ አጥሩ ሥር ተገትራ ትጮህ ጀመር።

«ና! ሁለት ክንድ አለህ! ና... አንድ ክንድ! ቀስ በል ያባቴ ልጅ፣ ስንዝር ቀረህ!»

ጥሩምባው ሁሉ ጸጥ አለ። ቦቴ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ቢገባም አልጠረገውም። «ግራ... ግራ... ያዝ» ትላለች ጭራ በሬዲዮ፣ ድምፅዋ ከሹክሹክታ ሳያልፍ። ያ ግዙፍ ነጭ ክንፍ የአጥሩን ጫፍ ሊስመው ደርሶ ተወው፤ ዞረ፤ ገባ።

ከተማዋ በጭብጨባ ተናጋች። የማያውቁት ሰዎች በጋቢናው መስኮት እጁን ይጨብጡታል። እህቱ እያለቀሰችም እየሳቀችም ትከሻውን በጡጫ ደለቀችው። «ነፍሴን አወጣሃት እኮ፣ አንተ የማትረባ!»

ከአምስት ሳምንት በኋላ ኮረብታው ላይ የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ። ቦቴ ቤተሰቡን ሰብስቦ ወጥቶ ነበር። ነፋሱ የእህቱን ሻሽ ሊነጥቅ ይታገላል፤ እሱ ግን አንጋጦ አላፊ አግዳሚውን ይይዛል።

«ያቺን ክንፍ እኔ ነኝ ያመጣኋት!»

«የትኛዋን?» አለ አንድ መንገደኛ።

«ወደ ላይ የወጣችውን! ቆይ... አሁን ወረደች... ያቻትና፣ ደግሞ እየወጣች ነው!»