የተቆለፈችው ክሊኒክ አውጫጭኝ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ጤና ረዳት ሆኜ ስቀጠር መጀመሪያ የተማርኩት ሥራ «ይህ እኛን አይመለከትም» ማለት ነበር። መርፌ መውጋቱንማ ትምህርት ቤት አስተምረውኛል።

ከዘንዘልማ ወዲያ፣ ሐይቁ ዳር፣ በኖራ የተቀባች አንዲት ክሊኒክ ነበረች። ገበሬዎቹ ድንጋዩን ተሸክመው፣ እንጨቱን ቆርጠው፣ ጭቃውን ረግጠው ነው የሠሯት። መድኃኒቱና ጤና ረዳቱ ከመንግሥት ይመጣል ተብሎ ነበር። በምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ጠላ ተጠጣ። ከዚያ ንብረት እንዳይባክን ተብሎ በሩ ተቆለፈና ቁልፉ የኃላፊዬ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ይባክናል የተባለው ንብረት አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ፍራሽ የሌለው አልጋ ነው።

የመድኃኒቱ በጀት የት ደረሰ ሲባል የእኛ ቢሮ ጥያቄውን ለአውራጃው አስተላልፌያለሁ ይላል። አውራጃው ከክፍለ ሀገር አልደረሰኝም ይላል። ክፍለ ሀገሩ ደግሞ ገበሬ ማኅበሩ ድርሻውን መቼ አዋጣ ብሎ ይጠይቃል። የገበሬ ማኅበሩ መዋጮ ለጦር ግንባር ሄዷል። የሚገርመው ማንም አልዋሸም፤ እኔንም የሚያስፈራኝ ይኸው ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ ወባ ገባ። አንድ ገበሬ ሐሙሲት ገበያ በሄደበት ቀን ገና የምትታዘል ልጁ በትኩሳት ነደደች። እናቷ አዝላ ክሊኒኳ ደጅ አደረሰቻት። ባሕር ዳር ሆስፒታል ልትወስዳት ትችል ነበር፤ ግን የዚያ አገር ሰው የመንግሥት ቤት ባዶ ይሆናል ብሎ አያስብም። ቤት ካለ ባለቤት አለ። ቁልፍ የያዘው ይመጣል ብላ ተቀምጣ ጠበቀች። ልጅቷ እዚያው በሩ ሥር ሞተች።

አባትየው ካሳ አልጠየቀም። አንድ ሰው ብቻ ወጥቶ «እኔ ነኝ» ይበለኝ አለ። ይህን ሳይሰማ ከሐዘን እንደማይነሣ፣ ማጭዱንም እንደማይጨብጥ ተናገረ። ጤፉ ደርሶ ቆሟል፤ ሌላ ሰው እንዳያጭድለትም ከለከለ። ቤቱ ከዚያ ጤፍ ሌላ የሚበላው አልነበረውም።

ሽማግሌዎቹ ግራ ሲገባቸው አውጫጭኝ ጠሩ። ይህ የቆየ ሕግ ነው፤ ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ስሙ እየተጠራ ይምላል፣ ያልመጣ ይጠረጠራል፣ ነገሩ ሳይለይ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የፊውዳል ልማድ እንዳይባልበት ፈርቶ «የጤና ስብሰባ» የሚል ስም ሰጠውና እኛንም ጠራን። ኃላፊዬ አበል ያለው ስብሰባ መስሎት ደስ ብሎት መጣ።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሐይቁ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ሞገድ የለም፣ ታንኳ የለም። ሰዉ ክሊኒኳ ፊት ተቀምጧል፣ ግን ከደጇ ርቆ ነው። አጠገቤ የነበሩትን አሮጊት ለምን እንደራቁ ጠየቅኳቸው። ከቀብሩ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሰው ያስላል አሉኝ፤ ከብት እንኳ በዚያ በኩል አልነዳ ብሏል። ስለ ሟቿ ልጅ እናት ስጠይቃቸው ስሟን ነገሩኝና ከሰው መቀላቀል ትታለች፣ ቤቷም ብንሄድ አናገኛትም አሉ። ቀና ብዬ ክሊኒኳን አየሁ። በሩ ላይ ያለው ጓጉንቸር ዝጓል። ግድግዳው በአቧራ ቀልቷል። የመስኮቱ መስተዋት ግን ታጥቧል፤ ከውስጥ በኩል።

መሐላው ተጀመረ። አንዱ ተነሥቶ «ሐሰት ብናገር ይህ ሐይቅ ይብላኝ» ብሎ ይቀመጣል፣ ሌላው ይነሣል። ሊቀመንበሩ ማለ። ኃላፊዬ ተራው ሲደርስ ስለ በጀት አሠራር ማብራሪያ ጀመረ፤ ሰብሳቢው ሽማግሌ በትሕትና አቋረጡትና አስማሉት። እኔም ማልኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁላችንም ንጹሕ ሆነን ተገኘን። ልጅቷን ማንም አልገደላትም።

ሽማግሌው ከሐዘንተኛዋ እናት ሌላ የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቁ። አባትየው ተነሣ።

«አንድ ቀርቷል» አለ። «መንግሥት ይጠራ።»

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል የሰማ ጆሮም ይጠየቅ ነበር። ኃላፊዬ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ሽማግሌው ግን ሕጉን ያውቃሉ፤ ስሙ የተነሣ ይጠራል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና የጎረቤት ስም እንደሚጠራ አድርገው «መንግሥት» ብለው ተጣሩ። ደገሙ። ሐይቁ ላይ ጉማሬ አጉረመረመ። ሦስተኛውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሩ።

«አቤት» አለ፣ ከተቆለፈው ቤት ውስጥ።

ሰዉ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። የጮኸ አልነበረም፤ አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ ወደ ኋላው ሸሸ። ኃላፊዬ ከመሳቢያው ይዞት የመጣውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ወደ እኔ ዘረጋው። ተቀብዬ ከፈትኩ።

ወለሉ ተጠርጓል። አግዳሚው ወንበር ተወልውሎ በር በሩን እንዲያይ ተደርጓል። ፍራሽ የሌለው አልጋ ላይ እናትየዋ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ፣ ሐኪም እንደምትጠብቅ። ከቀብሩ ወዲህ በጓሮ መስኮት እየገባች እዚያ ትውል ኖሯል። ምን ትሠሪያለሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ልጁን ይዞ ደጁን የሚመታ ቢመጣ፣ አለሁ የሚል ይኑር ብየ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወጥታ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«አቤት የሚል ከጠፋ እኔ ልበል እንጅ። ደጁ ላይ ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ። ይመጣሉ ብየ ያመንሁ እኔ ነኝ። በኔ ይሁንና እሱ ይጨድ፤ ጤፉ ረገፈ።»

በሕጉ፣ አንድ ሰው «እኔ ነኝ» ካለ ጉባኤው ይበተናል። አባትየው የጠየቀውን ቃል ሰማ። ብዙ ቆሞ አያት፣ ጋቢውን አውልቆ አለበሳት፣ እጇን ይዞ በማሳው በኩል ሄደ። ሰዉም አንድ በአንድ ተከተለ። እኛን ዞር ብሎ ያየን የለም። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

በመኪናው ስንመለስ ኃላፊዬ ፓርቲውን ረስቶ «እግዜር ይመስገን» አለ። ዓባይ ድልድይ ስንደርስ የፊቱ ቀለም ተመልሶለት ነበር። ተጠያቂው ከተገኘ ፋይሉ ይዘጋል፣ በጀቱም ለሌላ ቀበሌ ይዞራል ብሎ አስረዳኝ። ቀጥሎም ለሪፖርቱ የሴትዮዋን ስም ጠየቀኝ።

አላውቅም አልኩት። ይኸው ዛሬም አልጽፈውም።