ቀይ የሆነው ወርቅ

አክስቴ ለለቅሶ ቆላው ዛሪማ ወርደው ሲመለሱ ትኩሳት ያዛቸውና ከደባርቅ እኔ ዘንድ መጡ። የምሠራው ዳባት ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ የወባ ምርመራውን ራሴ ሠራሁላቸው። ከጣታቸው የወሰድኩት ጠብታ ደም ጥቂት እንደቆየ መመርመሪያው ላይ ሁለት ቀያይ መስመሮች ወጡ።

«ወባ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ቀዩ ደሜ ነው?»

«አይደለም፤ ወርቅ ነው። ወባን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ተለጥፎበታል።»

ጉትቻቸውን ነካ አደረጉ። «ወርቅማ ቢጫ ነው። ልጄ፣ ትቀልድብኛለህ?»

«በዓይን እስከማይታይ ድረስ ሲደቅ ቀይ ይሆናል።»

«ለምን?»

እሳቸው መድኃኒቱን ጨርሰው ዳኑ፤ እኔን ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። ደቃቁ ወርቅ አረንጓዴውን ብርሃን ውጦ ቀዩን እንደሚለቅ አንብቤ ደባርቅ ቤታቸው ሄድኩና ነገርኳቸው። ሥራቸውን ትተው አዳመጡኝ።

«ብርስ ሲደቅ ምን ይመስላል?» አሉኝ።